ያልታወቀው ወንድም
(የአጥንት መቅኔን ለባዕድ ስለ መስጠት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች፣ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት በፈረሰ ጊዜ ከብዙ ጎረቤቶቿ ጋራ ወደ ከተማው ዳርቻ የተዛወረች አንዲት እናት፣ የቀድሞ አጥቢያዋን ልትሳለም መጥታ ሳለች ከኪዳን ጸሎት በኋላ ወደ እኔ ቀርባ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። የሰባት ዓመት ልጇ ሉኬሚያ በሚባለው የደም ካንሰር ታሟል። መድኃኒት ተሰጥቶት ለጊዜው ቢሻለውም ሕመሙ ተመለሰበት። ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ተስፋ የሚሆነው የሌላ ጤነኛ ሰው መቅኔ እንደ ሆነ፣ ይህም በውጭ አገር እንደሚደረግ ነገሯት። እርስዋም ሳታመነታ «ከእኔ ውሰዱ» አለች። ነገር ግን ደምዋ ሲመረመር እርስዋም አባቱም ለልጁ በግማሽ ብቻ እንደሚስማሙ፣ አንዲቱ እኅቱም ከቶ እንደማትስማማው፣ ስለዚህ አስቀድሞ ሊፈለግ የሚገባው በሙሉ የሚስማማ ባዕድ ሰው እንደ ሆነ ተነገራት።

«አባቴ፤» አለችኝ፤ «ዘጠኝ ወር በሆዴ የተሸከምሁት የአብራኬ ክፋይ ነው። የእኔ ሳይሆነው የማላውቀው ሰው መቅኔ እንዴት ይሆነዋል? እንዲህስ ከሆነ እግዚአብሔር ዝምድናን ለምን ሠራው? ባዕድ እንለምን ብንልስ የምናውቀው የሰፈር ሰው ሁሉ ተበትኗል፤ ማንን እንጠይቅ?»

በዚያች ሰዓት የሰጠኋት መልስ አጭር ነበረ፤ አጥጋቢም አልነበረም። ጥያቄው ግን የእርስዋ ብቻ አይደለም። ዘመድ ማን እንደ ሆነ፣ ለማናውቀው ሰውስ ምን ዕዳ እንዳለብን የሚጠይቅ ስለ ሆነ ለካህናቱም ለምእመናኑም የሚገባ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች የሚሉትንና ሃይማኖታችን የሚያስተምረውን አጠጋግተን እንመልከት።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በመጀመሪያ መቅኔ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በአጥንታችን ውስጥ፣ ይልቁንም በዳሌ፣ በደረትና በጀርባ አጥንቶች ውስጥ ያለው ለስላሳ ነገር የደም ምንጭ ነው። በዚያ ውስጥ ስቴም ሴል የሚባሉ፣ እኛ ግንደ ሕዋሳት ልንላቸው የምንችል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ግንድ ቅርንጫፍን እንደሚያወጣ እነርሱም ሦስት ዓይነት ሕዋሳትን ያወጣሉ፤ ይኸውም አየርን ለሰውነት የሚያደርሱትን ቀዮቹን፣ በሽታን የሚዋጉትን ነጮቹንና ሰው ሲቆስል ደሙን የሚያረጉትን ነው። ነጩ ሕዋስ ተበላሽቶ ያለ ልክ እየተባዛ ሌላውን ሲያንቅ ሕመሙ ሉኬሚያ ይባላል።

ሐኪሞች በጽኑ መድኃኒት፣ አንዳንድ ጊዜም በጨረር፣ የተበላሸውን መቅኔ ያጠፋሉ፤ ከዚያም ከጤነኛ ሰው የተወሰደውን ግንደ ሕዋስ ልክ እንደ ደም በደም ሥር በኩል ለሕመምተኛው ይሰጡታል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ሕዋሳቱ የሐኪም እጅ ሳይመራቸው በደም ተጉዘው ወደ አጥንቱ ውስጥ ይገባሉ፤ በዚያም ይሰፍራሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥም አዲስ ደም ማፍለቅ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ በሕመምተኛው ሰውነት የሚዘዋወረው ደም ከሰጪው የተገኘ ደም ነው፤ የደም ዓይነታቸው ልዩ ልዩ የነበረ እንደ ሆነ እንኳ የተቀባዩ ወደ ሰጪው ዓይነት ይለወጣል። ይህን ሕክምና በመጀመር የደከመው አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ ሥራውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. አሳትሞ፣ ከብዙ ውድቀትና ትዕግሥት በኋላ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ታዲያ የማንም ሰው መቅኔ ለማንም የማይሆነው ስለ ምንድን ነው? ፈጣሪ በእያንዳንዱ ሰው ሕዋስ ላይ የማንነት ማኅተም የሚመስል ምልክት አድርጎበታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዶሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ከእነዚህ ምልክቶች የመጀመሪያውን አገኘ። ዛሬ ሐኪሞች ኤችኤልኤ ብለው የሚጠሯቸው እነርሱ ናቸው። ነጭ ሕዋሳት እንደ ቤት ዘበኛ ናቸውና ይህን ማኅተም እያዩ የቤቱን ሰው ያሳልፋሉ፤ ማኅተሙ ሌላ የሆነውን ግን እንደ ጠላት ይወጉታል። ኩላሊት ለሌላ ሰው ሲሰጥ የሚፈራው የተቀባዩ ዘበኞች እንግዳውን ኩላሊት እንዳያጠፉት ነው። በመቅኔ ግን ዘበኞቹም ራሳቸው ከሰጪው የሚመጡ ስለ ሆኑ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። አዲሶቹ ዘበኞች የገቡበትን ቤት እንደ ባዕድ ቈጥረው የሕመምተኛውን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት ሊወጉት ይችላሉ። ስለዚህ የሰጪውና የተቀባዩ ማኅተም የተቀራረበ መሆን አለበት።

የእናቲቱ ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ስፍራ ነው። የማኅተሞቹ ትእዛዝ ስድስተኛ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ተጠጋግቶ ስለሚገኝ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ጥቅል ሆኖ ይወረሳል። አባት ሁለት ጥቅል አለው፤ እናትም ሁለት አላት፤ ልጅ ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱም አንድ ይቀበላል። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ የሚስማማው እንደ ደንቡ በግማሽ ነው፤ ይህም የፍቅር ጉድለት ሳይሆን የአፈጣጠር ሥርዓት ነው። ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች በሙሉ ሊስማሙ የሚችሉት ከአራት አንድ ጊዜ ነው። ሕመምተኛው ሁለት ወንድሞች ወይም እኅቶች ቢኖሩት ቢያንስ አንዱ የመስማማቱ ዕድል ከመቶ 44 ያህል ይሆናል፤ አምስት ቢኖሩት 76 ያህል ይሆናል። አንዲት እኅት ብቻ ላለችው ልጅ ግን ዕድሉ ከመቶ 25 ብቻ ነው። በከተማችን ቤተ ሰብ እያነሰ በሄደ ቍጥር የብዙ ሕፃናት ነገር እንዲሁ ይሆናል።

በቤት ውስጥ የሚስማማ ያልተገኘለት ሕመምተኛ መድኃኒቱ በማያውቀው ሰው አጥንት ውስጥ ነው። ይህንንም ዓለም የተማረው በአንዲት እናት ኀዘን ነው። አንቶኒ ኖላን የሚባል ሕፃን ሲወለድ ጀምሮ በነበረበት የደም ሕመም ሲሠቃይ፣ እናቱ ሸርሊ ኖላን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በለንደን ከተማ መቅኔያቸውን ለመስጠት የፈቀዱ ሰዎች የሚጻፉበትን መዝገብ አቋቋመች። ለልጅዋ የሚስማማው ሰው ሳይገኝ አንቶኒ በ1979 ሞተ። መዝገቡ ግን አልሞተም፤ ለእርስዋ ልጅ ያልደረሰው ለሌሎች እናቶች ልጆች ደረሰ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች መዝገብ የተጻፉት ፈቃደኞች ከ40 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በአህጉራችንም ደቡብ አፍሪካ ከ1991 ጀምሮ የራስዋ መዝገብ አላት።

በእኛም ከተማ ይህን የሚመስል ነገር ተደርጓል። ማቴዎስ ወንዱ የተባለ ሕፃን በደም ካንሰር ባረፈ ጊዜ፣ ወላጆቹ ኀዘናቸውን በቤታቸው ዘግተው አልተቀመጡም፤ በ1996 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አቋቋሙ፤ ይህም ማኅበር ከዚያ ወዲህ ለብዙ ድኾች ሕመምተኞች መጠጊያ ሆኗል። ኀዘን ወደ ውስጥ ብቻ ሲፈስ ባለቤቱን ያሰጥመዋል፤ ወደ ባልንጀራ ሲፈስ ግን ሌላውን ያጠጣል።

አሁን ደግሞ መስማማት ምን ያህል እንደሚጠቅም በቍጥር እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1988 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ከባዕድ ሰው መቅኔ የተቀበሉ 3,857 ሕመምተኞች ተመርምረው ውጤቱ በ2007 ታትሞ ነበር። በስምንቱ ዋና ዋና ምልክቶች ሁሉ ከሰጪው ጋራ ከተስማሙት መካከል አንድ ዓመት በሕይወት የቈዩት ከመቶ 52 ነበሩ፤ በአንድ ምልክት ብቻ ከተለያዩት ግን 43 ነበሩ። ከመቶው ሰው የዘጠኙ ሕይወት በአንዲት ምልክት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ብዙ ተሻሽሏል። ይልቁንም መቅኔው ከተሰጠ በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋሚድ የሚባለውን መድኃኒት መስጠት ስለ ተለመደ፣ ሙሉ በሙሉ ያልተስማማ ሰጪ፣ በግማሽ የሚስማማ ወላጅ እንኳ፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ «የእኔ አይሆንም» ብላ ያለቀሰችው እናት ፍጹም ተስፋ መቍረጥ አይገባትም። ቢሆንም ወላጅ በሕይወት የሌለው፣ ወይም ወላጁ በዕድሜና በሕመም የደከመ፣ ወይም ሰውነቱ አስቀድሞ የወላጁን ምልክት ጠላት አድርጎ የያዘ ሕመምተኛ አለና፣ የማይታወቀው ሰጪ አስፈላጊነት አልቀረም።

የእኛ ወገኖች ድርሻስ በዚህ ውስጥ ምንድን ነው? በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ መዝገብ ጥናት እንዳመለከተው፣ የዘር ሐረጉ ከአውሮፓ የሆነ ሕመምተኛ በሙሉ የሚስማማውን ሰው በመዝገብ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 75 ሲሆን፣ የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ ለሆነ ሕመምተኞች ግን ከ16 እስከ 19 ብቻ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሰው ልጅ በአፍሪካ ከሁሉ ይልቅ ረዥም ዘመን ስለ ኖረ የአፍሪካውያን ምልክቶች እጅግ የበዙና የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ በመዝገብ የተጻፉት አፍሪካውያን ጥቂቶች መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው የፈጣሪ ሥራ ነውና አንነቅፈውም፤ ሁለተኛው ግን የእኛ የሰዎች ሥራ ነው።

ኢትዮጵያውያንን በሚመለከት ደግሞ በ2012 የታተመ ጥናት፣ የብዙዎቻችን የዘር ውርስ ከ40 እስከ 50 ከመቶ የሚሆነው ከአፍሪካ ውጭ ከነበሩ ሕዝቦች ጋራ፣ ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ በፊት በተደረገ መቀላቀል የመጣ መሆኑን ገምቷል። እንግዲህ በምልክት ፍለጋ ረገድ አውሮፓውያን ብቻ፣ ወይም የምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ብቻ የበዙበት መዝገብ ለኢትዮጵያዊ ሕፃን አይበቃም። ለእርሱ የሚስማማው ሰው የመገኘቱ ዕድል የሚበልጠው ከገዛ አገሩ ልጆችና ከጎረቤቶቹ መካከል ነው። ያ ሰው ግን ካልተጻፈ እንዳልተፈጠረ ይቈጠራል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ስለ ዘር ሐረግ ሲነገር ልቡ ወደ ጎሣ ቈጠራ የሚሮጥ ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። መርማሪው የሚያየው ምልክትን እንጂ የቋንቋንና የወረዳን ስም አይደለም። የአንድ እናት ልጆች ሁለቱ ከአራት ሦስት ጊዜ በሙሉ ሳይስማሙ፣ በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታ የሩቅ አውራጃ ሰው በስምንቱም ምልክት ሊስማማ ይችላል። አባቶቻችን በንግድ፣ በጋብቻ፣ በስደትና በዘመቻ ሲቀላቀሉ ኖረዋልና፣ እኛ በአፋችን የለያየነውን አጥንታችን አንድ አድርጎ ይዞት ይገኛል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ቆሞ ሲያስተምር እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ፈጠረ የተናገረውን፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እናነባለን። ጎረቤቱን በጎሣው ምክንያት የሚጠላ ሰው ምናልባት የልጁን መድኃኒት ይሆን የሚጠላው?

አሁን ወደ ዝምድና ነገር እንመለስ። በአማርኛችን ደም የሚለው ቃል ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ዘመዱን ሳያውቅ የወደደ ሰው «ደሙ ሳበው» ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ «ደም መላሽ» የምንለው የወንድሙን ገዳይ ለመግደል የሚያደባውን ሰው ነው። ስለዚህ ደም ያስተሳስራል፤ ደም ያጋድላልም። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ከደም በላይ የሆነ ዝምድና መሥራትን አልዘነጉም። የጡት አባትና የጡት ልጅ የሚባለው ልማድ፣ በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ጉዲፈቻ የሚባለው ሥርዓት፣ በቤተ ክርስቲያናችንም የክርስትና አባትና እናት መሆን፣ ሁሉም ባዕዱን ወገን የሚያደርጉ ናቸው። የክርስትና ልጅን ማግባት በፍትሐ ነገሥት የተከለከለው ያ ዝምድና እውነተኛ ዝምድና ስለ ሆነ አይደለምን? የጽዋ ማኅበርም በአንድ ጽዋ ዙሪያ የማይዛመዱትን ሰዎች ያዛምዳል።

ጌታችንም ስለ ባልንጀራ በተጠየቀ ጊዜ ማን ባልንጀራ እንደ ሆነ ድንበር ለክቶ አልሰጠም፤ ይልቁንም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ስለ ወደቀው ቁስለኛ ተናገረ። በወገን የቀረቡት ካህኑና ሌዋዊው አይተውት አለፉ፤ በወገን የራቀው ሳምራዊ ግን ቁስሉን አሠረለት። ዛሬ በሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛው ሕፃን ያ ቁስለኛ ነው፤ እንግዲህ የሚስማማው ሳምራዊ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ አይታወቅም። አንባቢ ሆይ፤ አንተ ልትሆን ትችላለህ፤ ተጽፈህ ካልተመረመርህ ግን ይህን ሳታውቅ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ አልፈህ ይሆናል።

በዚህ ነገር አንዳንድ ምእመናን ጥርጥር ሲገባቸው እንሰማለን። በመጀመሪያ፣ ደም ነፍስ እንደ ሆነ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ተጽፏልና እንዴት ለሌላ ይሰጣል? የሚሉ አሉ። በዚያ የተከለከለው ደምን መብላት ነው፤ የተከለከለበትም ምክንያት ሕይወት ክቡር ስለ ሆነ ነው። ደምን ለወንድም ሕይወት መስጠት ክብሩን መጠበቅ እንጂ ማቃለል አይደለም። ሁለተኛው ጥርጥር፣ በትንሣኤ ቀን ሰውነታችን ጐድሎ እንዳይገኝ የሚል ነው። መቅኔ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል፤ ደግሞም በአራዊት የተበሉትን ሰማዕታት ሙሉ አድርጎ የሚያስነሣ አምላክ አንዲት ማንኪያ መቅኔ አትጠፋበትም። ሦስተኛው፣ ሕክምና የእምነት ጉድለት ነው የሚለው ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብርና መድኃኒትንም እግዚአብሔር ከምድር እንዳወጣው ያስተምረናል። ታላቁ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቤት ሠርቷል። ጸበሉና ሐኪሙ የሚጣሉ አይደሉም፤ ሁለቱንም የሚባርካቸው አንድ ነው።

እንዲያውም አጥንትን ለሌላ መስጠት በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ነገር ነው። እግዚአብሔር በአዳም ላይ ከባድ እንቅልፍ አምጥቶ ከጎኑ አጥንት አንዲቱን ወሰደ፤ ስፍራውን በሥጋ ዘጋው፤ ከዚያም ለሌላው ሕይወት ሆነ። ዛሬም አንዳንዱ ሰጪ በመድኃኒት ተኝቶ ከዳሌው አጥንት መቅኔው ይቀዳለታል። አብዛኛው ግን ለጥቂት ቀናት መርፌ ከተሰጠው በኋላ በመሣሪያ አማካይነት ለጥቂት ሰዓታት ከክንዱ ደም ሥር ይወሰድለታል። የአጥንት ሕመምና ድካም ለጥቂት ቀን ይሰማዋል፤ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው በጥቂቱ ሰው ብቻ ነው። አዳም ከእንቅልፉ ሲነቃ የተሰጠለትን አይቶ ደስ አለው፤ የመቅኔ ሰጪ ግን በብዙ አገር ደንብ የተቀባዩን ስም ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ አያውቅም። ግራ እጅ ቀኝ የምትሠራውን አትወቅ የተባለው ምጽዋት በዚህ ተፈጸመ። ዋጋም አይቀበልበትም። ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ያለ ዋጋ ይፈውሱ ነበርና የተመሰገኑ ሆኑ፤ ግያዝ ግን ከንዕማን ፈውስ ዋጋ ስለ ፈለገ ለምጹን ወረሰ። ሥጋ ሲሸጥ የሚሸጠው ድኻው ነውና ከዚህ መጠበቅ ይገባል።

አሁን ከባዱን ጥያቄ እናንሣ፤ መስጠት ግዴታ ነውን? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ ማክፎል የተባለ ሰው መቅኔው ደርቆ ለሞት በቀረበ ጊዜ፣ ለመስጠት የተስማማ መስሎ ምርመራ ጀምሮ የነበረ አንድ ዘመዱ ኋላ እምቢ አለው። ሕመምተኛውም ከሰሰው። ዳኛው የዘመዱን እምቢታ በግብረ ገብ ረገድ ነቀፈው፤ ሆኖም ሕግ የአንዱን ሥጋ በግድ ወስዶ ለሌላው ሊሰጥ አይችልም ብሎ ፈረደ። ማክፎልም ብዙ ሳይቈይ ሞተ።

ዳኛው በሕጉ በኩል ትክክል ፈረደ እንላለን። የሰውን አጥንት በግድ የሚከፍት መንግሥት ነገ ከዚህ የባሰውን ያደርጋልና። ደግሞም በግድ የተወሰደ መቅኔ ስጦታ መሆኑ ይቀርና ዝርፊያ ይሆናል። ነገር ግን ሕግ የማያስገድደው ሁሉ ከእግዚአብሔር ፊት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ካህኑንና ሌዋዊውንም የከሰሳቸው ዳኛ አልነበረም። ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው አለመሆኑን በመናገር ሊያመልጥ ሞከረ፤ ያ መልስ ግን በሰማይ ተቀባይነት አላገኘም። እንግዲህ የሕግ ድንበር ካለቀበት ስፍራ ፍቅር ይጀምራል፤ ፍቅርም በነጻ ፈቃድ የሚከፈል ዕዳ ነው።

በዚህ ውስጥ ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። ሰው ከመጻፉ በፊት «አልችልም» ቢል ማንም አይፈርድበትም፤ ሕመም፣ ፍርሃት፣ የቤተ ሰብ ጭነት ሊኖርበት ይችላልና። ከተጻፈና «እሰጣለሁ» ካለ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሐኪሞቹ ቃሉን አምነው የሕመምተኛውን መቅኔ በመድኃኒት ካጠፉት በኋላ ሰጪው ቢመለስ፣ ሕመምተኛው አሮጌውንም አጣ፤ አዲሱንም አላገኘም፤ ሌላ ሰጪ በቶሎ ካልደረሰለትም ይሞታል። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም ባይሳሉ እንደሚሻል የሚያስተምረው እንዲህ ላለው ነው። ስለዚህ ወጣቶችን ወደ መዝገብ የምንመክር ሰዎች በሆይታ ማስጻፍ አይገባንም። ዛሬ ጉንጭን በጥጥ ማበስ ብቻ ቢሆንም ከዓመታት በኋላ ጥሪው ሊመጣ እንደሚችል አስረድተን፣ ልባቸው ከቈረጠ በኋላ እንዲጻፉ ማድረግ ይገባናል።

ስጦታ ግን ሰጪ ብቻ ሳይሆን ተቀባይም ያስፈልገዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1996 ዓ.ም. በእስራኤል አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሰጡት ደም በሥውር ይጣል እንደ ነበረ በጋዜጣ ተገለጠ። ምክንያት የተደረገው የበሽታ ፍርሃት ነበረ። ብዙ ሺሕ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው አለቀሱ፤ ተቈጡም። ያስቈጣቸው አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ደም መፍሰሱ ብቻ አልነበረም፤ «ደምህ ከደማችን አይቀላቀልም» መባላቸው ነው። ከዚህ የምንማረው አለ፤ በመከራ ጊዜ የወንድምን ደም መቀበል ወንድምነቱን ማመን ነው። እኛም በየልባችን «የእገሌን ወገን ደም አልፈልግም» የምንል ብንሆን በደላችን ከዚያ አያንስም።

ወደዚያች እናት እንመለስ። የተወለደችበት ካዛንቺስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ነው። ይህም ስም የሦስት ዓመት ሕፃን ሆኖ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋራ ሰማዕትነትን የተቀበለው የቅዱስ ቂርቆስ ስም ነው። በፈላው ጋን ፊት እናቲቱ በፈራች ጊዜ ያጸናት ሕፃኑ እንደ ነበረ በገድሉ ይነገራል። ዛሬም በየሆስፒታሉ ሕፃናት እናቶቻቸውን ሲያጽናኑ ይታያሉ። ለእርስዋ «ልጅሽ በእርግጥ ይድናል» ማለት አልችልም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን «እግዚአብሔር ዝምድናን ለምን ሠራው?» ላለችው ይህን እመልስላታለሁ፤ ዝምድናን የሠራው በቤት ውስጥ እንድንማረውና ከቤት ውጭ እንድናደርገው ነው። ለልጅሽ አጥንትሽን ልትሰጪ የወደድሽው ፍቅር የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ የልጅሽን ስም ሳያውቅ አጥንቱን የሚሰጠው ሰው ደግሞ ያንኑ ትምህርት የፈጸመ ነው። ሰፈርሽ ቢፈርስ፣ እድርሽ ቢበተን፣ የምታውቂያቸው ጎረቤቶች ቢርቁ፣ እግዚአብሔር የማታውቂያቸውን ጎረቤቶች አልነሣሽም።

ክቡራን አንባቢዎች፤ እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በለንደንና በሌላውም ከተማ ያላችሁ፣ የመቅኔ ሰጪ መዝገብ በእጃችሁ ነው። ከወጣት ሰጪ የተገኘ መቅኔ ይልቅ ስለሚጠቅም መዝገቦቹ ወጣቶችን ይመርጣሉ፤ በየአጥቢያው ያላችሁ ካህናትም ወጣቶቻችሁን አስተምሩ። ሁለተኛ፣ በአገር ውስጥ ያለን ሁሉ ደም በመስጠት እንጀምር። በካንሰር መድኃኒት መቅኔው የደከመ ሕመምተኛ ውሎ የሚያድረው በሌሎች ደም ነው። ቀድሞ በቀይ መስቀል እጅ የነበረው የደም ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ወደ መንግሥት ከተላለፈ ወዲህ፣ ለዘመዱ ምትክ ከሚሰጠው ይልቅ ለማያውቀው ሰው የሚሰጠው እየበዛ መጥቷል፤ ይህ የሚያስመሰግን መንገድ ነው። ሦስተኛ፣ ከ2015 ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት ከዘመድ ወደ ዘመድ እንዲሰጥ ያደረጉ ሐኪሞቻችን፣ ከባዕድም ለባዕድ የሚሆነውን መዝገብና ሕክምና በአገራችን ለማቋቋም ሲነሡ፣ ቤተ ክርስቲያን በስብከትዋና በሰንበት ትምህርት ቤቶችዋ ከጎናቸው ትቁም።

ቀድሞ «ደም መላሽ» የነበረው የበቀል ስም ነበረ። ከእንግዲህ ደሙ ለነጠፈበት ሰው ደሙን የሚመልስለት ክርስቲያን ይህን ስም ይውረሰው። ደሙን ስለ እኛ ያፈሰሰ፣ እኛም ገና ባዕዳን ሳለን ወንድሞቹ ያደረገን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ለሕሙማን ፈውስን፣ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለሁላችንም የርኅራኄ ልብን ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።